የደብል ቤዝ ክር ከፍታ፦ ክረምት ሳይወጣ ሞረድ አታንሱ

ደብል ቤዝ፣ ያንን ትልቁን ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ የሚጫወቱ ልጆች ሐምሌ ላይ ሲደውሉልኝ የሚሉት አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ክሩ ከፍ ብሎ ጣቴን ጨረሰው።" ጥር ላይ ደግሞ ያው ቤዝ ባዝ ያደርጋል፣ ክሩ እንጨቱን እየነካ ይንዛዘዛል፣ ይሉኛል። መሣሪያው ምንም አልሆነም። እንጨት ነውና የአዲስ አበባን ክረምትና በጋ ይከተላል። ዝናቡ ሲገባ እርጥበት ይጠጣል፣ የፊቱ እንጨት ያብጣል፣ ክሮቹን ተሸክሞ ፊቱ ላይ የቆመውን እንጨት፣ ብሪጁን፣ ሽቅብ ይገፋዋል፣ ክሩም አብሮ ይነሳል። በጋ ሲደርቅ ሁሉም ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ብሪጁን የሞረደ ሰው ጥር ላይ አዲስ ብሪጅ ፍለጋ ይገባል። አደራችሁን፣ መስከረም ጠብቶ እንጨቱ ይረጋጋ።

ብሪጃችሁ እግሩ ላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የሚዞር ክብ ማስተካከያ፣ ጎማ የምንለው፣ ካለው ግን ወቅት መጠበቅ አያስፈልግም። ክሮቹን ትንሽ አላሉ፣ ሁለቱን ጎማዎች እኩል ግማሽ ዙር አዙሩ፣ መልሳችሁ ቃኙና ለኩ። ከግማሽ ዙር በላይ ባንዴ አትሂዱ።

ለመለካት የብረት ማስመሪያ ይበቃል። ዜሮው ከጫፉ መጀመር አለበት። መጀመሪያ ግን ብሪጁን ከጎን እዩት። ክር በቃኛችሁ ቁጥር አናቱ ክሩን በጣት ወደምንጫንበት ረጅም እንጨት፣ ወደ ፊንገርቦርዱ፣ ይሳባል። ያዘመመ ብሪጅ ላይ የተለካ ቁጥር ያሳስታል፤ ቆይቶም ብሪጁ ይጎብጣል፣ ወይ ተገልብጦ ይወድቃል። አራቱ የብረት ክሮች አንድ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚጎትቱ ያ ሲወድቅ ፊቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቤዙን አልጋ ላይ አጋድሙት፣ ክሮቹን በጥቂቱ አላሉ፣ ብሪጁን በሁለት እጅ ይዛችሁ በአውራ ጣታችሁ ቀስ እያላችሁ መልሱት። ክሮቹ ከታች ወደሚታሰሩበት ወደ ጅራቱ የዞረው ጀርባው ከፊቱ እንጨት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። እግሮቹ ደግሞ በሁለቱ የድምፅ ቀዳዳዎች የውስጥ ጠርዝ ላይ ካሉት ትንንሽ ጭረቶች ትይዩ ይቁሙ።

አሁን ቃኙና ፊንገርቦርዱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ከእንጨቱ እስከ ክሩ ሥር ለኩ። በብረት ክር በጣት ለሚጫወት፣ ማታ ማታ በየሆቴሉ ለምንሠራው ጃዝ ማለቴ ነው፣ ቀጭኑን ክር ጂን 5 ወይም 6 ሚሊሜትር፣ ወፍራሙን ክር ኢን 8 ወይም 9 እመርጣለሁ። በደጋን ለሚጫወት ጂ ከ6 እስከ 8፣ ኢ ከ9 እስከ 11። ከዚህ በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ጣት ያርፋል፣ ድምፁ ግን ይሞታል። ትዝታ ላይ አንዷን ድምፅ ረዘም አድርጋችሁ ስትይዟት ልዩነቱ ይሰማችኋል። እኔ ትንሽ ደከም ብሎኝ ድምፁ ቢሞላ ይሻለኛል። ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት።

ክሩ ከፍ ያለ የሚመስለው ሁልጊዜ በብሪጁ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ አንድ ተማሪ ቤዙን ከስድስት ኪሎ በኮንትራት ሚኒባስ ጭኖ ፒያሳ ክፍሌ ድረስ አመጣው። "ብሪጁን ይቁረጡልኝ" አለኝ። ለካሁ፣ ጂ 6፣ ኢ 9፤ ምንም አይወጣለትም። ኢ ክር ላይ ከላይ የመጀመሪያዋን ድምፅ፣ ኤፍን፣ ያዝ አልኩት፣ ፊቱ ተቋጠረ። ክሩ አንገቱ አናት ላይ የሚያርፍበት ላይኛው መቀመጫ፣ ናቱ ላይ ነበር ችግሩ። እዚያ ከክሩ ሥር የቢዝነስ ካርድ ብቻ የምታልፍበት ክፍተት ነው የሚፈለገው፤ የእሱ ሦስት ካርድ ደራርቦ ያሳልፍ ነበር። የናቱን መስመር በክብ ሞረድ በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ አደረግኩለት፣ በእርሳስ ሞላሁት፣ ክሩ እንዲንሸራተት። ናት ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንዴ ካለፈ ባዶው ክር ባዝ ያደርጋል፣ የሚመለስም ነገር የለም።

ብሪጁ በእርግጥ ከፍ ካለና ጎማ ከሌለው፣ በጋ ላይ ሞርዱት። ፊንገርቦርዱ ጫፍ ላይ 2 ሚሊሜትር እንዲወርድ ከፈለጋችሁ ከብሪጁ አናት የሚነሳው 2 ተኩል ገደማ ነው፣ ብሪጁ ከዚያ ራቅ ስለሚል። መጀመሪያ ከዚያ ያነሰ አንሱ፣ መልሳችሁ ለኩ። ክሩ የሚቀመጥበት መስመር ከክሩ ውፍረት ግማሽ በላይ አይጥለቅ፤ ከጠለቀ ድምፁ ይታፈናል። አናቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ክብነቱን ግን አታጥፉት፤ ደጋኑ አንዱን ክር ሲነካ ጎረቤቱን እንዳይነካ የሚያደርገው እሱ ነው።

አራቱንም ክሮች አንድ ላይ አታውጡ። ውስጥ በጂ በኩል ከብሪጁ እግር ጀርባ የቆመች ትንሽ የእንጨት ምሰሶ አለች። በማጣበቂያ አልተያዘችም፣ ያቆማት የክሮቹ ጫና ነው። ከወደቀች የሚያቆማት ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ወድቃ ካገኛችኋት ደግሞ ክሩን ጨርሶ አትወጥሩ።

ከፍታው ልክ ሆኖ አሁንም መሃል ላይ ባዝ ካደረገ፣ ክሩን ናቱ ጋና ፊንገርቦርዱ ጫፍ ላይ ተጫኑና መሃሉን እዩ። ስስ ክፍተት መኖር አለበት፣ በኢ በኩል ሰፋ ያለ። ከሌለ ፊንገርቦርዱ መላግ አለበት ማለት ነው። ያንን ለቤት ዕቃ አናጺ አትስጡ፤ ቀጥ አድርጎ ይልገዋል፣ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ለዓይን እምብዛም የማይታየውን ጉድጓድ ነው።