ለማረፍ መቸኮል፦ አብራሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የውሳኔ ስህተቶች

አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ሞተሩ ድንገት ጮኾ ሽቅብ ሲመለስ ብዙ ተሳፋሪ ይደነግጣል። «ፓይለቱ አቃተው» የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ ያለውን አብራሪ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጎ አራውንድ ይባላል፤ ማረፉን ትቶ ዞሮ እንደገና መሞከር ነው። የብዙ አደጋዎችን የምርመራ ሪፖርት ያነበበ ሰው የሚቆጨው ይህ በጊዜው ባለመደረጉ ነው።

ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው የበረራ ደህንነት ድርጅት ያስጠናው ጥናት እንደሚለው፣ ፍጥነታቸው ወይም አወራረዳቸው ሳይስተካከል ለማረፍ ከሚመጡ በረራዎች ጎ አራውንድ የሚያደርጉት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት እንደምንም ያርፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም። አደገኛውም ይኸው ነው፤ ትናንት የተሳካለት ሰው ዛሬም ይደግመዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ግድ የለም፣ እናስተካክለዋለን» ማለት

በ2020 ከላሆር የተነሳ የፓኪስታን ኢንተርናሽናል ኤርላይንስ ኤርባስ ኤ320 ካራቺ ሲቃረብ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው አስጠነቀቀ። አብራሪዎቹ ግን ችግር እንደሌለ ነግረውት ቁልቁል ቀጠሉ። በዚህ ጥድፊያ መሃል ወርዶ የነበረው ጎማ ተመልሶ ገባ። አውሮፕላኑ ያለ ጎማ፣ በሞተሮቹ መንደርደሪያውን እየፋቀ ሄደ። ያኔ ተመልሰው ወደ ሰማይ ተነሱ። የተጎዱት ሞተሮች ግን ሁለቱም ጠፉና አውሮፕላኑ መኖሪያ ሰፈር ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 99 ሰዎች የተረፉት 2 ናቸው።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ የተሰመረ መስመር ነው። በብዙ አየር መንገዶች ደንብ፣ በተለይ እይታ ሲጋረድ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት 1,000 ጫማ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱም፣ አወራረዱም፣ ጎማውም መስተካከል አለበት። አንዱ ከጎደለ መመለስ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ምክር አይያዝም፤ ውሳኔው መሬት ላይ እያሉ ያለቀ መሆን አለበት።

ረዳት አብራሪውን አለመስማት

በጣም የሚያመኝ ይሄኛው ነው። በ2010 ከዱባይ ወደ ሕንድ ማንጋሎር የበረረው የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ ቦይንግ 737 ዋና አብራሪ ለረጅም ሰዓት ተኝቶ እንደነበር የምርመራው ሪፖርት ይናገራል። አውሮፕላኑ ከፍ ብሎና ፈጥኖ መጣ። ረዳት አብራሪው ጎ አራውንድ እንዲደረግ ደጋግሞ ተናገረ። ዋናው አልሰማውም። 2,450 ሜትር ከሚሆነው መንደርደሪያ 1,600 ሜትር ያህሉ ካለፈ በኋላ ጎማው መሬት ነካ።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ተጨመረ። ዋናው አብራሪ ሪቨርስ (የሞተሩን ግፊት ወደፊት መልሶ አውሮፕላኑን የሚያዘገየውን መሣሪያ) ከከፈተ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ለመነሳት ሞከረ። ሪቨርስ ከተከፈተ ወዲያ መነሳት የለም፤ ፍሬን ይዞ እስከመጨረሻው መቆም ብቻ ነው። መንደርደሪያው ደግሞ አናቱ በተስተካከለ ኮረብታ ላይ የተሠራ ነው፤ ከጫፉ ወዲያ ገደል አለ። 158 ሰው ሞተ።

መናገር ለታናሹ ከባድ ነው፤ በተለይ ታላቅን ማረም እንደ ድፍረት በሚታይበት ባህል ላደገ ሰው። ስለዚህ ሸክሙን እሱ ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ካፒቴኑ ገና ከመነሳታቸው በፊት «አንተ ጎ አራውንድ ካልክ እመለሳለሁ» ብሎ ቃል ይግባለት።

አዝራሩን አምኖ መለኪያውን አለማየት

በ2016 ዱባይ ላይ የኤምሬትስ ቦይንግ 777 ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አብራሪው ለመመለስ ወሰነ። የጎ አራውንዱን አዝራር ተጫነ። አዝራሩ ግን ጎማ መሬት ከነካ በኋላ እንዳይሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሞተሮቹ ጉልበት አልጨመሩም። አውሮፕላኑ 85 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ተመልሶ ወደቀ። የተሳፈሩት 300 ሰዎች ሁሉ ተረፉ፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ሕይወቱን አጣ። ትሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረውን ዘንግ፣ በእጅ ወደፊት ገፍቶ፣ የሞተሩ ጉልበት መጨመሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የቦታውን ከፍታ መርሳት

ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው ዱባይ ላይ ያሳየውን ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይሄዳል። ለመቆምም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ስሌቱ ከመውረድ በፊት ይሠራ።

ጭንቅን አለሳልሶ መናገር

በ1990 የአቪያንካ ቦይንግ 707 ከኮሎምቢያ ኒውዮርክ ሲደርስ፣ አየሩ ተበላሽቶ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ ጠበቀ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ቀረ። ካፒቴኑ በስፓኒሽ «ኢመርጀንሲ ላይ ነን በላቸው» አለ። ረዳቱ ለተቆጣጣሪው የተናገረው ግን ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ነው፤ እሱንም በሌላ ንግግር መሃል፣ እንደዋዛ። «ኢመርጀንሲ» የሚለው ቃል አልወጣም። ተቆጣጣሪዎቹም እንደማንኛውም በረራ ወረፋ አስያዙት። አራቱም ሞተሮች ጠፍተው 73 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ በዓለም አቀፉ ደንብ፣ ሲያርፍ የመጨረሻው መጠባበቂያ ነዳጅ እንደሚነካበት ያወቀ አብራሪ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ፊውል» የሚለውን የጭንቅ ጥሪ ማሰማት ግዴታው ነው።