ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና፦ ሳይፈነዳ መለየት፣ ከፈነዳ መድረስ

የወር አበባዋ የቀረ ወይም ያለወትሮው ጠብ ጠብ የሚልባት ሴት ሆዷን ካመማት፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ግድ ነው። ጨጓራ ነው፣ አሜባ ነው፣ ብርድ መቷት ነው ሲባል የሚባክነው ሰዓት ነፍስ ያስከፍላል።

እንቁላልና የወንድ ዘር የሚገናኙት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። ፅንሱ በጥቂት ቀናት ወደ ማህፀን መውረድ ሲገባው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ100 እንዲህ ያሉ እርግዝናዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ቱቦው ውስጥ ነው የሚገኙት። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ፅንሱ ሲያድግ ይቀደድና ደሙ ወደ ሆድ ይፈሳል። ፅንሱን ወደ ማህፀን መመለስ የሚችል ሕክምና የለም። ቱቦውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሳይታከም የቆየ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ እርግዝና የገጠማት፣ ቱቦዋ ላይ ኦፕራሲዮን የተሠራላት፣ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) እያላት ያረገዘችም ይበልጥ ታሰጋለች። ግማሽ ያህሉ ላይ ግን ምንም ምክንያት አይገኝም። ውሃ ስለተሸከመች ወይም አንድ ነገር ስለበላች የመጣ አይደለም፤ ቤተሰብ ይህን ይወቅላት።

ምልክቱ የሚበዛው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ነው። ሕመሙ ከእምብርት በታች፣ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ደሙ ትንሽ፣ ጠቆር ያለ ነው፤ «የወር አበባዬ ዘግይቶ መጣ» የምትል ብዙ ናት። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ሆድ ውስጥ መድማት ሲጀምር ደግሞ ስትተኛ ትከሻዋ ጫፍ ላይ ይወጋታል፤ የፈሰሰው ደም ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ስለሚቆጠቁጠው ነው። ሰገራ የመጣ ይመስላታል፣ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ከነጣ፣ ላቧ ከቀዘቀዘ፣ የእጇ ትርታ ቀጭንና በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ ደም እያጣች ነው። ከብልቷ የሚፈሰው ማነሱ አያጽናናችሁ።

የሽንት ምርመራው ሁለት መስመር ካሳየ አርግዛለች ማለት እንጂ የት እንዳረገዘች አይናገርም። የሚለየው አልትራሳውንድ ነው፤ በብልት በኩል የሚታየው ከ6ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ጥሩ ያሳያል። ማህፀኑ ባዶ ሆኖ የሽንት ምርመራው ግን እርግዝና ካሳየ «ገና ነው፣ በወሩ ተመለሺ» አይበቃም፤ የእርግዝና ሆርሞን በደም ተለክቶ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ከፋርማሲ የተገዛ የማስወረጃ ክኒን ይህን እርግዝና አያስወጣም፤ ወስደሽ ሕመሙ ካልተወሽ ለሐኪሞቹ እውነቱን ንገሪያቸው። አማት ወይም ባል ፊት መናገር ከከበደሽ ለብቻሽ እንዲያነጋግሩሽ የመጠየቅ መብት አለሽ።

በወሎ ከደላንታ ወይም ከለጋምቦ ራቅ ያሉ ቀበሌዎች አስፋልት እስኪደረስ ሰዓታት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ አይታደርም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውላችሁ አምቡላንስ አስጠሩ፤ መንገድ ከሌለ የቅሬው (የዕድሩ) ሰዎች በቃሬዛ ያውጧት። በጀርባዋ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ፣ ጋቢ አልብሱ። ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል ምንም አትቅመስ፤ ቡናም ውሃም። ሆዷን ማሸት ክልክል ነው። መድረሻችሁ ኦፕራሲዮን የሚሠራና ደም ያለው ቦታ ይሁን፤ ደሴ፣ ወልዲያ፣ ወይም በኦፕራሲዮን የሚያዋልድ ቅርብ ሆስፒታል። ደም መስጠት የሚችሉ ሁለት ሰዎች አብረው ቢሄዱ ይጠቅማል።

ከፈነዳ ብዙ ጊዜ ቱቦው በኦፕራሲዮን ይወጣል። ካልፈነዳ፣ ፅንሱ ትንሽ ከሆነና ሆርሞኑ ዝቅተኛ ከሆነ ሜቶትሬክሴት የሚባል መርፌ ሊበቃ ይችላል። ግን በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ሆርሞኑ በደም ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 15 በመቶ መውረድ አለበት፣ ከዚያም እስኪጠፋ በየሳምንቱ ይታያል። ከመርፌው በኋላም ሊፈነዳ ይችላል። እንደ እኛ እምነት ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት መሰንበት የማትችል ሴት ኦፕራሲዮኑን ብትመርጥ ይሻላታል። መርፌውን የወሰደች ፎሊክ አሲድ፣ አልኮል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ትተው፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ለ3 ወርም አታርግዝ። የደምሽ ዓይነት ኔጋቲቭ ከሆነ የሾተላይ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ጠይቂ።

ሆዷ የተከፈተ ሴት ለ6 ሳምንት 20 ሊትር ጀሪካን አታንሳ፣ የደም ማነስ ካለባትም የታዘዘላትን የአይረን ክኒን ትጨርስ። ሐዘኑ ደግሞ አለ፤ አራስ አልተባለች፣ ለቅሶ የደረሳትም የለም። «አብሽሪ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብቻ ብሎ ከማለፍ ጎረቤት ቤቷ ገብቶ እንጀራ ቢጋግርላት፣ ስታለቅስም አብሯት ቢቀመጥ ይበልጣል። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላት ጤና ጣቢያ ትሂድ።

በአንድ ቱቦ ማርገዝ ይቻላል፤ አብዛኞቹም በኋላ ይወልዳሉ። ነገር ግን ከ10 አንዷ ገደማ ይደገምባታል። ስለዚህ የሚቀጥለው የወር አበባ የቀረ ዕለት የሽንት ምርመራ አድርጊ፣ ሕመም ባይኖርሽም በ6ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሺና የቀደመውን የሕክምና ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ።