የማሞቂያ ቧንቧ ሲሞቅ ወዴት ይሂድ?

በፊት የማሞቂያ መስመር ስዘረጋ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ጥሩ ስራ ይመስለኝ ነበር፣ አንዴ 12 ሜትር ቀጥ ያለ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) በየክላምፑ፣ ማለትም ቧንቧውን ግድግዳ ላይ በሚይዘው ማሰሪያ፣ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፣ ውሃው ሲሞቅ በክላምፖቹ መሀል እንደ እባብ ተጣመመና ጫፍ ላይ ያለው ክላምፕ ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ። ቧንቧ ሲሞቅ ይረዝማል፣ በጉልበት አታስቆሙትም፣ መሄጃ ነው የሚፈልገው።

መጀመሪያ ስንት እንደሚረዝም አስሉ። ርዝመቱን በሜትር ያዙ፣ ሲገጠም በነበረውና ሲሰራ በሚደርስበት ሙቀት መሀል ባለው ልዩነት አባዙት፣ ከዛ በቧንቧው አይነት ቁጥር፣ እሱም ለብረት 0.012፣ ለመዳብ 0.017፣ ለተራ ፒፒአር 0.15 ነው፣ መልሱ በሚሊሜትር ይመጣል። 10 ሜትር በ60 ዲግሪ ልዩነት ብረት 7 ሚሜ ገደማ፣ መዳብ 10 ሚሜ ይረዝማል፣ ተራ ፒፒአር ግን 90 ሚሜ! ለዚህ ነው ረጅም የሙቅ ውሃ መስመር ላይ መሀሉ ላይ ፋይበር ወይም አሉሚኒየም ያለበትን ፒፒአር የምመርጠው፣ እሱ በጣም ያነሰ ነው የሚረዝመው።

ቀጥሎ የት ላይ ጥብቅ አርጋችሁ እንደምትይዙት ወስኑ። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ጥብቁ ክላምፕ አንድ ብቻ ይሁን፣ መሀል ላይ ካረጋችሁት 90ው ለሁለት ተከፍሎ በየጎኑ 45 ይሆናል። ሌሎቹ ይደግፉታል እንጂ አይጨብጡትም፣ ቧንቧውን በእጅ ስትገፉት ውስጣቸው መንሸራተት አለበት። ቲ (ቅርንጫፍ የሚወጣበት መገጣጠሚያ) ካለ ጥብቁን እዛው አጠገብ አርጉት፣ አለበለዚያ ዋናው መስመር ቅርንጫፉን እየጎተተ ይሰብረዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ኤልቦው (የመታጠፊያው መገጣጠሚያ) ጋር ነው። መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ራሱ መተንፈሻ ነው፣ ከኤልቦው በኋላ ያለው ክንድ ትንሽ እየተለመጠ እርዝመቱን ይቀበለዋል፣ ግን ክላምፕ ኤልቦው ስር ካስጠጋችሁ ምን ይለመጥ? ለፒፒአር የውጭ ዲያሜትሩን በሚረዝመው ሚሜ አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ በ20 አባዙ። ባለ 25 ቧንቧ 45 ሚሜ የሚረዝም ከሆነ 670 ሚሜ ገደማ ይመጣል፣ እስከዛ ድረስ ክንዱ ላይ ምንም ክላምፕ አይኑር። መታጠፊያ የሌለው ረጅም መስመር ከሆነ በዩ ቅርፅ አዙሩት።

ግድግዳ ሲያልፍ ሰፋ ባለ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ አሳልፉት፣ ዙሪያውን በለስላሳ ፎም ሙሉት፣ በሲሚንቶ ከደፈናችሁት ልስኑ ይሰነጠቃል። ማሞቂያው ሲበራ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ብዙ ጊዜ ቧንቧው ከእንጨት ወይ ከክላምፕ ጋር እየተፋተገ ነው። ኤክስፓንሽን ታንክ አለኝ የሚል ካለ ደግሞ፣ ታንኩ የሚቀበለው ውሃው ሲሰፋ ነው፣ ለቧንቧው እርዝመት ምንም አያደርግም።

ልስን ሳይለሰን በፊት ሞክሩት፣ ቀዝቃዛ እያለ በየክላምፑ ጠርዝ ቧንቧው ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር አስምሩ፣ እስከ ከፍተኛው ሙቀት አሙቁትና እዩ። ከጥብቁ በራቃችሁ ቁጥር መስመሩ ከክላምፑ እየራቀ መሄድ አለበት፣ ከጥብቁ ሌላ አንዱ ጋር ምንም ካልተነቃነቀ እዛ ጋር ታንቋል ማለት ነው፣ ያንን ክላምፕ አላልታችሁ እንደገና አሙቁት።