ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሳይወይብ እንዲቆይ እንዴት ይታተማል?

የአያትን የድሮ ፎቶ ስካን አድርገው በቤት ፕሪንተር ያተሙት ቅጂ ግድግዳ ላይ ከርሞ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ካደላ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የግራጫው ነው። ተራ ፕሪንተር ግራጫን የሚሠራው ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ቀለም ቀላቅሎ ስለሆነ፣ አንዱ ቀድሞ ሲለቅ ሚዛኑ ይፋለሳል።

1. ቀለሙን ይለዩ። ማሸጊያው ላይ «ዳይ» ወይም «ፒግመንት» የሚለውን ይፈልጉ። ዳይ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ብርሃንና አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተባለ ጋዝ ቶሎ ያጠፉታል። ፒግመንት ግን ደቃቅ ጠጣር ነው፤ ጥቁሩም በአብዛኛው ካርቦን ነው። የብራና መጻሕፍታችን ጥቁር ቀለምም ከጥላሸት የተሠራ በመሆኑ፣ ዕድሜው ስንት እንደሚሄድ እነሱን ማየት ይበቃል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ብዙ የቤት ፕሪንተሮች ጥቁራቸው ብቻ ፒግመንት ነው፤ የፎቶ ወረቀት ሲመረጥ ግን ያንን ትተው ጥቁሩን ከዳይ ይቀላቅላሉ። ለፎቶ የሚሻለው ከጥቁሩ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ግራጫ ካርትሪጅ ያለው የፒግመንት ፕሪንተር ነው።

2. ወረቀቱን ይፈትሹ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የብር ኖት መፈተሻውን ሐምራዊ መብራት ያብሩበት። ደምቆ ሰማያዊ ካበራ ማንጫ ኬሚካል አለበት። ኬሚካሉ በብርሃን ሲደክም ወረቀቱ ወደ ክሬም ይሄዳል፤ የፎቶው ነጭ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ነው። 100% ጥጥ የሆነ፣ አሲድና ማንጫ የሌለበት ይምረጡ። ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት ውስጥ ያለው ሊግኒን እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ ያደርገዋል።

3. ሲያትሙ የወረቀቱን ዓይነት በትክክል ይምረጡ። ጥቁር ቀለሙ ለደብዛዛ ወረቀት «ማት ብላክ»፣ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት «ፎቶ ብላክ» የሚባለው ነው። ማት ብላክ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በጣት ሲነኩት ይለቃል፤ ፎቶ ብላክም በደብዛዛው ላይ አመድማ ጥቁር ይሆናል።

4. ወዲያው ፍሬም ውስጥ አያስገቡት። ለ24 ሰዓት ያድርቁት፣ ከዚያ ንጹሕ ተራ ወረቀት አልብሰው አንድ ቀን ያሳድሩት። ተራው ወረቀት ከተጨማደደ ቀይረው ይድገሙት፤ ያልወጣው የቀለም ፈሳሽ በኋላ መስታወቱን ከውስጥ እንደ ጉም ይሸፍነዋል።

5. መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካ አሲድ አልባ የካርቶን ክፈፍ መሃል ያስገቡ፤ ከነካው እርጥበት ሲገባ ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከጀርባ ስኮች አይለጥፉ፤ ሙጫው ዘልቆ ቡናማ ምልክት ይተዋል።

ቀለምና ወረቀቱ መስማማታቸውን ለማየት አንድ ቁራጭ አትመው ግማሹን በፎይል ሸፍነው ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለ2 ወር ይለጥፉ። ፎይሉ ሲነሳ ወሰኑ ከታየ፣ ያ ጥምረት ለሳሎን ግድግዳ አይሆንም።