የአንጀት ብግነት ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንንከባከብ?

ጎጃም ውስጥ ሆዱን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጠረግ አድርገው» የሚል ነው። ኮሶ ጠጣ፣ ፌጦ በሎሚ በጥብጠህ ዋጠው፣ ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ያዝበት ይሉታል። ለኮሶ ትል ኮሶ መጠጣት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። የአንጀት ብግነት ግን ሌላ በሽታ ነው። እዚህ አንጀት ውስጥ የሚጠረግ ነገር የለም፤ የቆሰለው የአንጀቱ ግድግዳ ራሱ ነው። ቁስል ደግሞ ማረፍ ነው የሚፈልገው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

የማወራው ስለ ሁለት በሽታዎች ነው፦ ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት ያጠቃል። ኮላይቲስ ትልቁ አንጀት ላይ ብቻ ይወጣል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱም ያገረሻሉ፣ ከዚያ ለወራት ወይም ለዓመታት ይበርዳሉ። በቤት ውስጥ ሕክምና አይድኑም። ቤት ውስጥ የምናደርገው ነገር ታማሚው እንዳይደርቅ፣ እንዳይከሳና በማይረባ ነገር እንዳይባባስበት ይረዳል። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

1. በሽታው በስሙ ይታወቅ

«አሜባ ነው» ተብሎ በየጊዜው ኪኒን የሚውጥ ሰው በየሰፈሩ አለ። አሜባና ጃርዲያ እኛ ዘንድ በብዛት ስላሉ ግምቱ አያስገርምም። ነገር ግን ተቅማጡ ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ ደም ወይም ንፍጥ ከቀላቀለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ሰውየውም ከከሳ፣ አሜባ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

አገራችን ውስጥ በተለይ መጠንቀቅ ያለብን የአንጀት ቲቢ ነው። ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ለክሮንስ የሚሰጡት መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቲቢ ላለበት ሰው ጉዳት ያመጣሉ። ስለዚህ በግምት መድኃኒት አይጀመርም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ፤ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሊሆን ይችላል። የሰገራና የደም ምርመራ፣ ካስፈለገም አንጀትን በካሜራ የሚያዩበትና ናሙና የሚወስዱበት ኮሎኖስኮፒ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ። እዚያ ከሌለ ወዴት እንደሚልኳችሁ ይነግሯችኋል።

2. ሲያገረሽ መጀመሪያ ውኃ

ተቅማጥ ውኃና ጨው ይዞ ይወጣል። ውኃ ብቻ መጠጣት ጨውን አይመልስም። ከጤና ኬላ ወይም ከፋርማሲ ለምለም አምጡ፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡ። ከጠፋ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል፦ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሙሉ። በሻይ ማንኪያ 6 ልክ ስኳርና ግማሽ ልክ ጨው ጨምሩ። ማንኪያው አይከመር፤ ከላዩ በቢላ ጀርባ አስተካክሉት። ጨው ከበዛ ይጎዳል፣ ስኳር ከበዛ ተቅማጡን ያባብሳል። ቀምሳችሁ ከእንባ የበለጠ ጨው ካለው ድፉትና እንደገና ሥሩ። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ፉት ይባላል። ያደረ አይጠጣም።

የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ስንት መጠጣት እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ።

3. ለስላሳ ምግብ፣ ትንሽ ትንሽ

ያገረሸበት ሰሞን ምግቡ የለሰለሰ፣ የተላጠና በደንብ የበሰለ ይሁን። ነጭ ሩዝ፣ የአዊ ድንች ተቀቅሎና ተፈጭቶ፣ ካሮት፣ የበሰለ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ያለ በርበሬ የተሠራ የዶሮ መረቅ። እንጀራ ጨርሶ መተው የለበትም፤ ግን የጤፉን በትንሹ ሞክሩት። የዳጉሳውና የማሽላው ይቆይ። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የበቆሎ እሸት፣ ጥሬ ጎመንና ቃሪያም እንዲሁ። ሚጥሚጣና በርበሬ በሽታውን አያመጡም፤ ቢሆንም በተቆጣ አንጀት ላይ ቁርጠቱንና ማቃጠሉን ያባብሳሉ። ሽሮ ካማረ በአልጫ፣ ቀጠን ብሎ፣ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ በስሎ ይሁን።

ለእንዲህ ያለው ሰሞን ከአጃ አጥሚት የሚበልጥ አላውቅም። አሠራሩ እንዲህ ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ የላመ የአጃ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። ዱቄቱን ፈልቶ በሚንተከተክ ውኃ ላይ በደረቁ ከነሰነሳችሁት ይጓጉላል፤ ስለዚህ ይሄን ደረጃ አትዝለሉ። ግማሽ ሊትር ውኃ አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ ጨምሩ። እሳቱን አሳንሳችሁ 20 ደቂቃ ያህል አብስሉት። የጥሬ ዱቄት ሽታው ሲጠፋና ከማንኪያው ላይ እንደ ክር ሲወርድ ደርሷል ማለት ነው። በጠባብ ወንፊት አጥልሉት፤ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ገለባ ነው የሚቧጥጠው። ቆንጥር ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ጨምሩበት። ቅቤ ለአሁኑ ይቅር፤ ስብ ተቅማጥ ላይ ይጨምራል። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

በቀን 3 ጊዜ ከመብላት 5 ወይም 6 ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻላል። እናት ለታመመ ልጇ ብዙ ጊዜ ትልቅ ሰሃን ሞልታ ታቀርባለች፤ ፍቅር ነው። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሁለት ሰዓት በኋላ ብታቀርበው ግን ልጇ የተሻለ ይጠቀማል።

ይህ ምግብ ለሰሞኑ ብቻ ነው። ወራት እየሄዱ ሰው በሩዝና በድንች ብቻ ከቆየ ይዳከማል።

4. ሲበርድ የሚሞከሩ ነገሮች

አትክልቱንና ጥራጥሬውን በየሁለት በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ እያላችሁ መልሱ። አብራችሁ ከመለሳችኋቸው የትኛው እንደጎዳችሁ አታውቁም።

ተልባ ጥሩ ነው፤ ግን ፍሬውን እንዳለ አይደለም። ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ ለብ ባለ ውኃ ተበጥብጦ፣ ሲለዝብ ይጠለልና ለስላሳው ይጠጣል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። አብሽም እንዲሁ ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ውስጥ አድሮ፣ መራራው ውኃ ተደፍቶ፣ ከዚያ ይመታል። ሁለቱም መድኃኒት ወደ ሰውነት የሚገባበትን ፍጥነት ሊቀንሱ ስለሚችሉ ከኪኒን ጋር በ2 ሰዓት አራርቋቸው። አብሽ የደም ስኳር ያወርዳል፤ የስኳር መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ነፍሰ ጡርም አታብዛው። አንጀቱ ጠቧል የተባለ የክሮንስ ታማሚ ደግሞ ተልባን ጨምሮ ቃጫ (ፋይበር) ያለውን ምግብ ሁሉ ያለ ሐኪም ምክር አይሞክር።

እርጎ ከወተት ይልቅ ለብዙ ሰው ይስማማል፤ የወተቱ ስኳር ሲረጋ ስለሚቀንስ ነው። ወተቱ ግን ይፍላ፣ ከፈላ በኋላ ይርጋ። ጥሬ ወተት ቲቢንና ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የመከላከያ አቅም የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጥሬ ወተትም ጥሬ ሥጋም የተከለከሉ ናቸው። በዓል ሲመጣ ቁርጥ ፊታችሁ ሲቀርብ ይከብዳል፤ ቢሆንም ጥብሱን ጠይቁ።

ስለ እርድ ብዙ ይወራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጃፓን ሐኪሞች በሽታቸው በርዶ በነበረ 89 የኮላይቲስ ታማሚዎች ላይ ከእርድ የወጣውን ኩርኩሚን ሞክረው ነበር። በቀን 2 ግራም፣ ለ6 ወር፣ ከመደበኛው መድኃኒት ጋር የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ያነሰ አገረሸባቸው። ተስፋ ሰጪ ነው። አልጫችን ውስጥ የምንጨምረው እርድ ውስጥ ግን ኩርኩሚኑ ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እርዱን ለወጡ ጨምሩት፤ መድኃኒታችሁን አስትቷችሁ ግን አይሂድ። ዝንጅብልና ጦስኝ በሻይ መልክ፣ ቀለል ብለው ቢጠጡ አይከፋም፤ ዝንጅብሉ ማቅለሽለሹን ያስታግሳል።

5. ጨርሶ የሚተው

ኮሶ፣ መተሬ፣ እንቆቆ፣ ሰናመኪ፣ እሬት። ኮሶ ትል አለ ቢባል እንኳ ሐኪም ቤት ገር የሆነ ኪኒን አለ። ፌጦን በባዶ ሆድ መዋጥም ይቅር። አረቄና ጠላ ይቅሩ። ሲጋራ የክሮንስን በሽታ በግልጽ ያባብሳል። ቡና አንጀትን ያነቃቃል፤ ያገረሸበት ሰሞን አቦሉን ለሌላ ሰው ተዉለት።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉልኝ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከሱቅ የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ለሆድ ቁርጠት ደግሞ ሙቅ ውኃ የያዘ ዕቃ በፎጣ ተጠቅልሎ ሆድ ላይ ቢደረግ ያሳርፋል።

6. ፆምና ጠበል

ጎጃም ላይ ሆኖ ስለዚህ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የሁዳዴ 55 ቀን ለጤነኛ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድም። ደም የሚፈሰው ሰው ደሙ ያንሳል፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሲቀሩበት ደግሞ የባሰ ይዳከማል። በራሳችሁ ከመጨነቅ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ሕመሙን በግልጽ ንገሯቸው። ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዷን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ያውቁታል።

ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ ለሕዝብ ተናግረዋል፤ ለዚህም በሽታ ያው ነው። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ካቆመ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እስኪያስመልስ መጠጣትም ለደረቀ ሰው አይሆንም። በጥቂቱ ቅመሱ፣ ተጠመቁ፣ ኪኒኑን በሰዓቱ ዋጡ።

7. የሚታፈርበት ነገር

ደጋግሞ ሽንት ቤት የሄደ ሰው መቀመጫው ይቆስላል። ማንም አያወራውም። በወረቀት ከመፈተግ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ ስስ ቫዝሊን መቀባት። ማታ ለብ ያለ ውኃ ሳፋ ውስጥ 10 ደቂቃ መቀመጥም ያሳርፋል።

አንድ ደብተር ያዙ። የበላችሁትን፣ ስንት ጊዜ እንደወጣችሁ፣ ደም መኖር አለመኖሩን፣ ክብደታችሁን ጻፉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች ተማሪ ልጅ ይጻፍላቸው። ሐኪሙ ፊት «አንዳንዴ ያመኛል» ከማለት ደብተሩን መዘርጋት ብዙ ያሳጥራል። በሽታው ትልቁን አንጀት ከያዘ 8 ዓመት ከሞላው ደግሞ ለካንሰር ቅድመ ምርመራ ኮሎኖስኮፒ ጠይቁ።

8. ቤት የማይዋልበት ጊዜ

በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም ከልብ ምት መፍጠን ጋር፤ ሆድ ተነፍቶ መድረቅ፤ ፈስም ሰገራም መቅረትና ማስመለስ፤ ሲነሱ ማዞርና ሽንት መጥፋት፤ ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ አጥሚትም ተልባም አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ቤታችሁ ከመንገድ የራቀ ከሆነ ሌሊት ቢብስ ማን እንደሚያጓጉዛችሁ በደህናው ጊዜ ተነጋገሩ። ስትሄዱ የሚወስዳቸውን ኪኒኖች ከነማሸጊያቸው፣ ደብተሩን፣ የድሮ ምርመራ ወረቀቶቹንና የጤና መድኅን ካርዱን በአንድ ፌስታል ያዙ።