ቻርሊ ዋትስን ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑ ግን ክርክሩን አላበረደውም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ይዘው የተቀመጡ ጓደኛሞች ስለ እንግሊዙ የሮክ ቡድን ሮሊንግ ስቶንስ ካነሡ ድምፃዊው ሚክ ጃገር ይወደሳል፣ የኪዝ ሪቻርድስ ጊታር ይተነተናል። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2021 ድረስ፣ የቡድኑ ከበሮ መቺ የነበረው ቻርሊ ዋትስ ግን «እሱማ ምት ከመጠበቅ በቀር ምን ሠራ?» ተብሎ ይታለፋል። ፍርዱ ከየት እንደሚመጣ ልዘርዝር።

በፍጥነትና በሶሎ፣ ማለትም ተጫዋቹ ብቻውን በሚያሳየው ጨዋታ፣ መለካት። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ዋትስ ያደገው በጃዝ ፍቅር ነው፤ ረጅም የከበሮ ሶሎ ግን አይወድም ነበር። ሌሎች የሮክ ከበሮ መቺዎች በከበሮ ክምር ተከበው ሲታዩ እሱ ግሬች የተባለ ኩባንያ በሠራው ትንሽ ድራም አብዛኛውን ዘመኑን አሳለፈ። በሰርግ ቤት ከበሮ የያዘችውን ሴት በእጇ ፍጥነት የሚመዝን ሰው አላየሁም፤ የምትመዘነው ተሰብሳቢው ከመቀመጫው በመነሣቱ ነው። ለዋትስም ከዚህ የተለየ ሚዛን አያስፈልግም።

በስልክ ድምፅ ማጉያ አዳምጦ መፍረድ። በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ በስልክ እምብዛም አይሰማም፤ በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሁሉም ይደበላለቃል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉና ትኩረትዎን ሃይ-ሃት በሚባሉት ተደራራቢ የናስ ሳህኖች ላይ ብቻ ያድርጉ። በተለመደው የሮክ አመታት ቀኝ እጅ በእያንዳንዱ የአራት ምት ዙር ሃይ-ሃቱን ስምንት ጊዜ ይመታል፤ ግራ እጅ ደግሞ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ስኔር የተባለውን ከበሮ ይመታል። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ምቶች ላይ ሁለቱም እጆች በአንድነት ያርፋሉ። ዋትስ ግን ግራ እጁ ስኔሩ ላይ ሲወርድ ቀኝ እጁን ከሃይ-ሃቱ ያነሣል። ስምንቱ ስድስት ይሆናል፤ ስኔሩም ምንም ሳይሸፍነው ብቻውን ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዘፈኑ ትንፋሽ ያገኛል። ቪዲዮ ካገኙ ቀኝ እጁን ይከተሉ፤ ብድግ ስትል በዓይን ትታያለች። አንዴ ካዩት በኋላ ሳይሰሙት ማለፍ አይቻልም።

ከበሮው ሁልጊዜ መሪ ነው ብሎ ማሰብ። በብዙ ባንዶች ሁሉም ከበሮውን ይከተላል። የስቶንስ ቤዝ ጊታር ተጫዋች የነበረው ቢል ዋይማን እንደገለጸው ግን በእነሱ ዘንድ ከበሮው የሪቻርድስን ጊታር ይከተላል። በመካከላቸው የምትፈጠረው እጅግ ትንሽ መዘግየት ሙዚቃውን እንደሚንገዳገድ ግን እንደማይወድቅ ያደርገዋል። «ምቱ ይንሸራተታል» ብለው የሚተቹ ሰዎች የሰሙት ነገር እውነት ነው፤ ጉድለት ነው ማለታቸው ነው የተሳሳተው። በማሽን ምት ጆሯችን ስለተገራ ይመስለኛል።

የፊቱን እርጋታ እንደ ስንፍና መቁጠር። ፊቱን ሳይለውጥ ይጫወት ነበር። ላብ የሚፈልግ ጃገርን ይመልከት።

የሌላውን ሥራ ለእሱ መስጠት። ይህ ደግሞ የአድናቂዎቹ ስህተት ነው። በ1969 በወጣው «ዩ ካንት ኦልዌይስ ጌት ዋት ዩ ዋንት» ላይ ከበሮውን የመታው ፕሮዲውሰሩ ጂሚ ሚለር ነው። ዋትስን ለማስመስከር ይህን ዘፈን የሚከፍት ሰው ሳያውቀው ሚለርን ያወድሳል። በዚያው ዓመት የወጣውን «ሆንኪ ቶንክ ዊመን»ን የሚከፍተው የከብት ደወልም የሚለር ነው። ከደወሉ ቀጥሎ የሚገባው ከበሮ ግን የዋትስ ነው፤ ማዳመጥ ከዚያ ይጀምሩ።