ያገለገለ የቅንጦት መኪና ሲፈልጉ የሚፈልጉት ሞዴል ካልተገኘ

በአሜሪካ ገበያ ያገለገለ ሌክሰስ፣ አኩራ ወይም መርሴዲስ ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓመቱን ቆርጦ ይነሣል፤ «የ2021 ሞዴል ካልሆነ አልገዛም» ይልና የሚቀርብለትን ሌላ መኪና ሁሉ ይመልሳል። ሆኖም አንዳንድ ዓመት ጨርሶ አልተመረተም፤ ሌላው ደግሞ ተመርቶም በገበያው ላይ እምብዛም አይታይም። ምክንያቱን አስቀድሞ የተረዳ ገዢ ከከንቱ ፍለጋም፣ መኪናው ስለ ጠፋ ብቻ ከሚጠየቅ ጭማሪ ዋጋም ይድናል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ሞዴል በእርግጥ መኖሩን ያረጋግጡ። አኩራ ኤምዲኤክስ የ2020 ሞዴል አለው፣ የ2022ም አለው፤ የ2021 ሞዴል ግን የለውም። ኩባንያው አዲስ የተነደፈውን መኪና በ2021 መጀመሪያ ላይ ለሽያጭ ሲያቀርብ የ2022 ሞዴል ብሎ ስለ ሰየመው በመካከል አንድ ዓመት ተዘለለ። ኢንፊኒቲ ኪውኤክስ60ም እንዲሁ ከ2020 በቀጥታ ወደ 2022 ተሻግሯል። በመሆኑም አንድ ሻጭ «የ2021 ኤምዲኤክስ» ብሎ ካስተዋወቀ መኪናው በ2021 የተሸጠ የ2022 ሞዴል፣ ወይም ሳይሸጥ የቆየ የ2020 ሞዴል ሊሆን ይችላል። የ2020ው ባለ 9 ማርሽ፣ የ2022ው ባለ 10 ማርሽ ሲሆን አካሉም ከመሠረቱ እንደ አዲስ የተሠራ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዋጋ መመዘን አይገባም።

እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ የሚፈታው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር የሚነበበው ይህ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ኤል 2020፣ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023 ነው። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ደግሞ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበትን ወርና ዓመት ያሳያል። ሁለቱ ባይገጥሙ አይደንግጡ፤ በጥቅምት 2021 የተመረተ መኪና የ2022 ሞዴል መሆኑ የተለመደ አሠራር ነው።

የ2021፣ የ2022 እና የ2023 ሞዴሎች እጥረት ግን ከዚህ የተለየ ምክንያት አለው። በ2021 የተባባሰው የኮምፒዩተር ቺፕ እጥረት ፋብሪካዎች ምርታቸውን እንዲቀንሱ አስገደዳቸው። በዚያው ወቅት የአዲስ መኪና ዋጋ ስለ ናረ በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰኑ ዓመታት በወርኃዊ ክፍያ በኪራይ፣ የሚወሰደው መኪና አነሰ፤ ቀደም ብለው በሊዝ የወሰዱትም ብዙዎቹ መልሰው ከማስረከብ ይልቅ በውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ ገዝተው አስቀሩት። ያገለገሉ የቅንጦት መኪኖች ገበያ ደግሞ የሚመገበው በአብዛኛው ሦስት ዓመት ገደማ ተነድተው ከሊዝ በሚመለሱ መኪኖች ነው። የምንጩ መድረቅ ከዓመታት በኋላ በዲለሮች ግቢ የሚታየውም ለዚህ ነው። ባጀትዎ ጠባብ ከሆነ ከእጥረቱ በፊት የተመረቱትን የ2019ና የ2020 ሞዴሎች ቢመለከቱ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ከዚህም በላይ በእጥረቱ ጊዜ የተመረቱ አንዳንድ መኪኖች ዕቃ ጎድሏቸው ወጥተዋል። ቢኤምደብልዩ በ2021 መጨረሻ ኤክስ5ን ጨምሮ በተወሰኑ መኪኖቹ ላይ ስክሪኑን በጣት የመንካት አገልግሎት አስቀርቶ ነበር። ስክሪኑ ሲታይ ያው ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ግን ምንም አይልም፤ የሚታዘዘው በመሐል ባለው መዞሪያ ወይም በድምፅ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ብቻ አይመኑ፤ መኪናው ውስጥ ገብተው እያንዳንዱን ነገር በእጅዎ ይሞክሩ።

እኔ የምመክረው ከአንድ ዓመት ይልቅ መኪናው ሳይለወጥ የተመረተባቸውን ዓመታት በሙሉ መፈለግን ነው። ሌክሰስ ጂኤክስ 460 ከ2010 እስከ 2023 ሞዴል ድረስ ያንኑ ባለ 4.6 ሊትር ቪ8 ሞተር ይዞ ስለ ቆየ የ2017 አጥቶ የ2016 የገዛ ሰው ያጣው ነገር ጥቂት ነው። የ2020ው ግን የግጭት መከላከያ ሥርዓቱ መደበኛ ዕቃ ሆኖ ስለ መጣለት ጭማሪ ዋጋ ቢጠየቅበት ያስኬዳል። በሌክሰስ ኤልኤስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቪ8 ሞተር የሚፈልግ ሰው ከ2017 ማለፍ የለበትም፤ ከ2018 ጀምሮ ያለው ኤልኤስ 500 ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ነውና። ሌክሰስ ጂኤስ ደግሞ በ2020 ሞዴል ስለ ተቋረጠ ከዚያ ወዲህ ያለውን መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በኡበር ብላክ (በኡበር የቅንጦት መኪና አገልግሎት) ለሚሠሩ ወገኖቻችን ግን የሞዴሉ ዓመት የእንጀራ ጉዳይ ነው። የዕድሜ ገደቡ እንደ ከተማው ስለሚለያይና ስለሚሻሻል፣ ከመግዛትዎ በፊት ኡበር የሚቀበላቸውን መኪኖች ዝርዝር በዚያው ሰሞን ተመልክተው መኪናው ስንት ዓመት እንደሚያሠራዎት ያስሉ።

ፍለጋውን ወደ ሌሎች ስቴቶች ሲያሰፉ በረዶ በሚበዛበት አገር የተነዳ መኪና ሆዱ በመንገድ ጨው ሊዛግ ስለሚችል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከመላክዎ በፊት በዚያው ከተማ ያለ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ መኪናውን አንሥቶ ከሥር ፎቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ። የሻንሲ ቁጥሩንም በፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገብተው፣ ሳይሠራ የቀረ የፋብሪካ ጥሪ (አምራቹ ጉድለትን በነጻ ለማስተካከል የሚያወጣው ጥሪ) ካለ ሻጩ ቀድሞ እንዲያሠራ ይጠይቁ።